የማኅበረሰብ የምግብ ማብሰል ሥልጠና፦ 12 ሰው፣ ሁለት እሳት፣ ስድስት ሳምንት። ከምን እንጀምር?

ጠያቂ

ሰላም ለሁላችሁም። በትንሽ ወጪ ጤናማ ምግብ መሥራት የሚያለማምድ ሥልጠና እያዘጋጀን ነው። ሰልጣኞቹ 12፣ አሰልጣኞቹ ሁለት ነን። ሁለት እሳት ያለው አንድ ምድጃ፣ አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ፍሪጅና አንድ የኤሌክትሪክ የውሃ ማፍያ አለን። ሥልጠናው በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ሆኖ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ከሰልጣኞቹ አንዳንዶቹ ማንበብ አይችሉም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። በሁለት እሳት 12 ሰው እንዴት እጁን ያስገባል? የመጀመሪያው ቀን ምን ይሠራ፣ በምን ያህል መጠን? ቦሎቄና ሽምብራ ማስተማር እንፈልጋለን፤ ግን በሁለት ሰዓት ውስጥ አይበስልም፣ አንዳንዴ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቢፈላም አይለሰልስም። ምክንያቱ ምንድን ነው? የምግብ ዋጋን በተመለከተስ ሰው ሳይሰለች እንዴት እናሳየው?

ማማሰያ

ሰላም። እሳቱ ሁለት መሆኑ እንዳያስጨንቃችሁ። የሚያስቸግረው 12 ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር እንዲሠራ መፈለጉ ነው። አራቱ ጠረጴዛዎች ላይ ሦስት ሦስት ሰው አስቀምጡ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ እሳት የሚፈልግና አንድ እሳት የማይፈልግ ምግብ ምረጡ። ሁለቱ ጠረጴዛዎች ሲያበስሉ ሁለቱ ሰላጣ ይከትፋሉ፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ከሦስት በላይ ሰው በአንድ ድስት ዙሪያ ከቆመ አራተኛው ተመልካች ነው፤ ተመልካች ደግሞ ቤቱ ሄዶ አይሠራውም።

120 ደቂቃውን እንዲህ ከፋፍሉት፦ እጅ መታጠብና ሽርጥ መልበስ 10፣ የዕለቱን አንድ ሙያ ማሳየት 15፣ የመጀመሪያው ዙር 35፣ ሁለተኛው ዙር 35፣ አብሮ መብላት 15፣ ዕቃ ማጠብ 10። የዕለቱ ሙያ አንድ ብቻ ይሁን። አንድ ቀን ሽንኩርት መክተፍ፣ አንድ ቀን ጥራጥሬ መዘፍዘፍ፣ አንድ ቀን ሩዝ ውሃውን መጥኖ ማብሰል። በአንድ ቀን ሦስት ሙያ ከታየ አንዱም እጅ ውስጥ አይቀርም።

ለመጀመሪያው ቀን ክክ ምስር ምረጡ። መዘፍዘፍ አይፈልግም፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበስላል፣ ስህተትም ይችላል። ለአንድ ጠረጴዛ የሚሆነው መጠን፦

ክክ ምስር 250 ግራም፣ የፈላ ውሃ 1 ሊትር፣ ቀይ ሽንኩርት 1 (150 ግራም ያህል)፣ ካሮት 2 (200 ግራም ያህል)፣ ነጭ ሽንኩርት 2 ፍሬ፣ ዘይት 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው 1 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ፣ ሎሚ ግማሽ።

ይህ አራት ሰው ያጠግባል። ሦስቱ ይበላሉ፣ አራተኛው ድርሻ ለአሰልጣኝና ለቅምሻ ይሆናል። ለአራቱ ጠረጴዛ 1 ኪሎ ምስር በቂ ነው። በአንድ ድርሻ ወደ 15 ግራም ፕሮቲን ይደርሳል።

ሽንኩርቱን በዘይቱ 8 ደቂቃ ያህል አቁላሉት፤ ነጭ ሽንኩርቱን የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ብቻ ጨምሩ፣ ቀድሞ ከገባ ያርና ይመርራል። ምስሩ በወንፊት ታጥቦ ካሮቱ ጋር ይገባል፣ ውሃው ይጨመራል። ሲፈላ እሳቱን ቀንሱት፣ ክዳኑን ትንሽ ክፍት አድርጉት። ምስር አረፋ ይሠራል፣ ድስቱ ሙሉ ለሙሉ ከተከደነ ገንፍሎ እሳቱን ያጠፋል። ጨውና ሎሚው መጨረሻ ላይ ነው።

ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው፣ ውሃውን በድስቱ ከቀዝቃዛ ጀምሮ ማፍላት ከ35 ደቂቃው ላይ ከ10 የማያንስ ይበላል። ስለዚህ ማፍያው ሰልጣኝ ሳይገባ መሥራት ይጀምር። ሁለተኛው፣ የአራቱን ጠረጴዛ ሽንኩርት በአንድ ትልቅ ድስት ለማቁላላት መሞከር ነው። ሽንኩርት ሲበዛ የራሱ ውሃ ይወጣና ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፤ ጣዕሙም እዚያው ይቀራል። ትንሽ ድስት፣ ትንሽ ሽንኩርት።

ማንበብ ለማይችሉት መመሪያውን በሥዕል አድርጉት። ሁለት ማንኪያ ከሆነ ሁለት ማንኪያ ይሣል፣ አንድ ሊትር ከሆነ እዚያው ክፍል ያለው ዕቃ ራሱ ይሣል። ግራምና ሚሊ ሊትር የሚያስፈልገው ለእናንተ የግዢ ዝርዝር ነው። ሰልጣኙ ቤቱ ሚዛን ላይኖረው ይችላል፤ ኩባያና ማንኪያ ግን አለው።

ጥራጥሬ ወዳድ

ስለ ቦሎቄና ሽምብራው እኔ ልመልስ።

በመጀመሪያ፣ ሥልጠናው ላይ ከጥሬው አትነሡ። ሦስት ጎድጓዳ ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ፦ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ ሌሊቱን የተዘፈዘፈ፣ አንዱ የበሰለ። ሰልጣኞቹ የተዘፈዘፈውን ቦሎቄ አንድ አንድ ፍሬ ይያዙና በቢላዋ ለሁለት ይክፈሉት። መሐሉ ላይ ነጭ፣ እንደ ጠመኔ የደረቀ ነጥብ ካለ ውሃው ገና አልዘለቀም፤ ወጥ የሆነ ቀለም ካለው ደርሷል። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ስንት ሰዓት ልዘፍዝፍ ብሎ አይጠይቅም።

መጠኑ፦ ለ500 ግራም ቦሎቄ ወይም ሽምብራ 2 ሊትር ውሃ፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓታት መዘፍዘፍ። እጥፍ ስለሚሆን ሰፊ ዕቃ ይፈልጋል። ሙቀት በበዛበት ቦታ ሌሊቱን ውጭ ካደረ መቦካት ይጀምራልና ፍሪጅ ውስጥ ይደር፣ ካልሆነም ውሃው አንድ ጊዜ ይቀየር። መዘፍዘፍ ለረሳ ሰው አቋራጭ አለ፦ 2 ደቂቃ አፍልቶ፣ እሳቱን አጥፍቶ፣ ከድኖ 1 ሰዓት መተው። ከዚያ ያ ውሃ ይደፋና በአዲስ ውሃ ይቀቀላል። የተዘፈዘፈ ቦሎቄ እንደ ዓይነቱና እንደ ዕድሜው ከ1 እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ሽምብራ ደግሞ ከዚያ ትንሽ ይበልጥ ይፈልጋል።

ቀኑን ሙሉ ፈልቶ የማይለሰልስበት ምክንያት ከሦስት አንዱ ነው።

እርጅና። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ብዙ ወራት የተቀመጠ ጥራጥሬ ውስጡ ይለወጣል፤ የሴሎቹን ግድግዳ ያያያዘው ነገር በፍላት መሟሟት ያቅተዋል። መፍትሔው ሲገዛ ነው። ቀለሙ የጠቆረ፣ የተሸበሸበና የተሰነጠቀ የበዛበት ከሆነ ተዉት። አዲስና አሮጌ አትቀላቅሉ፤ ግማሹ ሲፈርስ ግማሹ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል።

ጨዋማ ሳይሆን ማዕድን የበዛበት ውሃ። ማፍያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ካልሲየሙ ከፔክቲኑ (የሴሎቹን ግድግዳ ከሚያያይዘው ነገር) ጋር ይተሳሰርና ልጣጩን ያጠነክራል። እንዲህ ያለ ውሃ ብቻ ካላችሁ ለ1 ሊትር መዘፍዘፊያ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ጥራጥሬው ይላሽቃል፣ ቫይታሚን ቢ1ም ይጎዳል።

ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ መግባቱ። ቲማቲም፣ ሎሚና አቼቶ ልጣጩን ያጠነክራሉ። ጥራጥሬው ሙሉ በሙሉ ሳይለሰልስ ቲማቲም አይግባ። በጋራ ሥልጠና ላይ በብዛት የሚሠራው ስህተት ይህ ነው፤ ሁሉም ነገር ተከትፎ ሲዘጋጅ ሰው ሁሉንም አንድ ላይ ይገለብጠዋል። ቲማቲሙን ሌላ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት።

ጨው ግን በሐሰት ይከሰሳል። ጨው ጥራጥሬን አያጠነክርም። መዘፍዘፊያው ውሃ ላይ ትንሽ ጨው ቢገባ እንዲያውም ልጣጩ ይለሰልሳል፣ ሲበስልም አይሰነጣጠቅም።

አሁን በቁም ነገር የምለው አለ። ቀይ ቦሎቄ ጥሬውን ወይም በደንብ ሳይበስል ከተበላ ይመርዛል። ፋይቶሄማግሉቲኒን የሚባል ሌክቲን (የፕሮቲን ዓይነት) አለበት፤ አራት አምስት ጥሬ ፍሬ እንኳ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ብርቱ ማቅለሽለሽ፣ ትውከትና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ቢያንስ 5 ሰዓት ይዘፍዘፍ፣ ውሃው ይደፋ፣ ከዚያ በአዲስ ውሃ ድስቱ እየተንተከተከ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይፍላ። አንዳንድ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣናት 30 ደቂቃ ይላሉ፤ በሥልጠና ላይ 30ውን ያዙ። በዝቅተኛ ሙቀት ለብዙ ሰዓት የሚያበስሉ የኤሌክትሪክ ድስቶች ውስጥ ጥሬውን በቀጥታ መጨመር ክልክል ይሁን። ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ቦሎቄው ይለሰልሳል፣ የበሰለ ይመስላል፣ መርዙ ግን አልጠፋም። እንዲያውም 80 ዲግሪ አካባቢ የቆየ ቦሎቄ ከጥሬው የባሰ ሆኖ ተገኝቷል።

መብሰሉን ስትፈትሹ አንድ ፍሬ አትቅመሱ። ከድስቱ ከተለያየ ቦታ አምስት ፍሬ አውጥታችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጨፍልቁ። አምስቱም ያለ ትግል ከፈረሱ በስሏል፤ አንዷም ከጠነከረች 15 ደቂቃ ጨምሩ።

ፕሬዠር ካላችሁ ከግማሽ በላይ አትሙሉት። ጥራጥሬ ያረፋልና አረፋው የእንፋሎት መውጫውን ይደፍነዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት አረፋውን ይቀንሳል።

ጠያቂ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። የአምስቱን ፍሬ ዘዴ በሥዕሉ ላይ አስገባዋለሁ። ሁለት ጥያቄ ጨመረብኝ። የተረፈውን ሰልጣኞቹ ይዘው ወደ ቤት ቢሄዱ ችግር አለው? በተለይ ሩዝ በምንሠራበት ቀን። ሌላው ደግሞ፣ ጨው ስንቀንስ «አልጫ ሆነ፣ አይጣፍጥም» የሚል እንደሚመጣ ከአሁኑ ይታየኛል። ምን እንመልስለት?

ንጹሕ እጅ

የመጀመሪያውን እኔ ልያዘው። ይዘው ቢሄዱ ችግር የለውም፤ እንዴት ቀዝቅዞ እንደሄደ ነው ዋናው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው ሙቀት ባክቴሪያ የሚራባበት ነው። የበሰለ ምግብ በዚህ ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። የእናንተ ሁለት ሰዓት ከሞላ ጎደል እዚያው ክፍል ያልቃል፣ የመንገዱ ደግሞ ገና ነው። ስለዚህ ወደ ቤት የሚሄደው ምግብ ለመብላት ከመቀመጣችሁ በፊት ይለይ።

ሩዝ የተለየ ጥንቃቄ የሚፈልገው ባሲለስ ሴሬየስ በሚባል ባክቴሪያ ምክንያት ነው። ስፖሩ፣ ማለትም እንቅልፍ ላይ ያለው ጠንካራ ቅርጹ፣ የፈላ ውሃን ተቋቁሞ ሊተርፍ ይችላል። ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይነቃና መርዝ ያመርታል፤ ያ መርዝ መልሶ ቢሞቅም አይጠፋም። «ቤት ስደርስ በደንብ አሞቀዋለሁ» የሚለው መከላከያ አይደለም ማለት ነው። የተረፈውን ሩዝ በሰፊ ትሪ ላይ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ዘርጉት፣ እንፋሎቱ ሲወጣ ክደኑትና ፍሪጅ አስገቡት። ትልቅ ድስት እንዳለ ፍሪጅ ከገባ ዳሩ ሲቀዘቅዝ መሐሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል። የምስሩም ነገር እንደዚሁ ነው።

ቤት ሲደርስ በአንድ ቀን ውስጥ ይበላ፣ ሲሞቅም መሐሉ 75 ዲግሪ እስኪደርስ ወይም ሁሉም ቦታ እስኪተን ይሙቅ፤ ከአንድ ጊዜ በላይ አይሙቅ። እናንተ ግን ፍሪጅ ቢኖራችሁም ሩቅ ለሚሄድ ሰው የበሰለ አትስጡ። በምትኩ 250 ግራም ደረቅ ምስር በከረጢት አድርጋችሁ ስጡት። ዕዳው ቀላል ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ አይበላሽም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ በዚያው ሳምንት ቤቱ እንዲያበስለው ምክንያት ይሆነዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 (እንደ ፈረንጆቹ) ያወጣው የምግብ ደኅንነት አምስቱ ቁልፎች የሚባል ፖስተር አለ፦ ንጽሕና መጠበቅ፣ ጥሬና የበሰለን መለየት፣ በደንብ ማብሰል፣ ምግብን ደኅና በሆነ ሙቀት ማቆየት፣ ንጹሕ ውሃና ጥሬ ዕቃ መጠቀም። በሥዕል የተሠራ ስለሆነ ለእናንተ ሰልጣኞች ይመቻል። ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ሳልጠየቅ አንድ ልጨምር። ምዝገባ ላይ አለርጂ ጠይቁ፤ በተለይ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ስንዴና ዓሣ። ከመክተፊያ ሥር እርጥብ ፎጣ አንጥፉ፣ የሚንሸራተት መክተፊያ ከሰላ ቢላዋ በላይ ጣት ይቆርጣል። የድስት እጀታ ወደ ውስጥ ይዙር። ለቃጠሎ 20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ ነው፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባም። ዘይት እሳት ከያዘ ምድጃው ይጥፋ፣ ክዳን ይደፋበት፣ ውሃ በፍጹም አይጨመርበት።

ማማሰያ

ወደ ጨው ስንመጣ፣ «ጨው ይጎዳል» ብላችሁ አትጀምሩ። የሚመክር ሰው ፊት ሁሉም እሺ ይላል፣ ቤቱ ሲሄድ እንደለመደው ይጨምራል። እጁን አሠሩት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ነው። ሰልጣኙ ቤቱ ለአንድ ድስት በእጁ የሚቆነጥረውን ያህል ጨው ሳህን ላይ ያድርግ፣ ከዚያ በሻይ ማንኪያ ልሙጥ አድርጎ ይስፈረው። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ 6 ግራም ገደማ ነው። ድስቱን ስንት ሰው እንደሚበላው ይከፋፍል። ቁጥሩን ራሱ ያገኘው ሰው ከእናንተ ጋር አይከራከርም።

ላይ የሰጠሁት የምስር መጠን ለአንድ ሰው 1.5 ግራም ይደርሰዋል። ለቀሪው የቀኑ ምግብ 3.5 ተረፈው ማለት ነው፤ ዳቦውም ከዚሁ ላይ ይቆጠራል። የሾርባ ኩብ ካስገባችሁ ግን ሒሳቡ ፈረሰ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኩቡ ክብደት ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። ኩብ ከገባ ሌላ ጨው አይግባ።

አልጫ እንዳይሆን የሚያደርገው ሦስት ነገር ነው። ሽንኩርቱ ቡናማ እስኪሆን መታገሥ፣ ቅመሙን በዘይቱ ውስጥ አንድ ደቂቃ ማሞቅ፣ ሎሚውን እሳቱ ከጠፋ በኋላ መጨመር። ኮምጣጣ ነገር ምላስ ላይ የጨውን ቦታ በከፊል ይሸፍናል። አንዱን ድስት ለሁለት ከፍላችሁ አንዱ ላይ ሎሚ ጨምሩ፣ አንዱን ተዉት፤ ሳትናገሩ አስቀምሱ። ሎሚው ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው፣ ቫይታሚን ሲው ከምስሩ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በተሻለ እንዲወስደው ያግዛል። ሻይና ቡና በአንጻሩ ይከለክላሉ፣ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይራቁ።

ዘይትም በማንኪያ ይለካ። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው። ከጠርሙስ ሲንቆረቆር ሦስትና አራት ማንኪያ መሄዱን ዓይን አያስተውለውም፤ ለጤናም ለኪስም ነው ክፍተቱ።

ጥራጥሬ ወዳድ

ዋጋውን ለማሳየት የሚበላውን ክብደት መዝኑ፣ የተገዛውን አይደለም። ከሁሉ የሚገባው ምሳሌ ቦሎቄ ነው። 1 ኪሎ ደረቅ ቦሎቄ ሲበስል 2.4 ኪሎ ገደማ ይሆናል። 400 ግራም የሚል የታሸገ ቆርቆሮ ውሃው ሲጠል 240 ግራም ያህል ይወጣዋል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ደረቅ ከአሥር ቆርቆሮ ጋር እኩል ነው። አሥር ባዶ ቆርቆሮ ደርድሩ፣ አጠገቡ አንድ ኪሎ ከረጢት አስቀምጡ፣ ዋጋውን ሰልጣኞቹ ራሳቸው ከሚገዙበት ቦታ ይናገሩ። የማገዶውን ወይም የመብራቱን ወጪ መደመር አትርሱ፤ ያንን ከዘለላችሁት ሰልጣኞቹ ያስታውሷችኋል፣ ትክክልም ናቸው። ምድጃ ለሌለው ወይም ጊዜ ለሌለው ሰው ቆርቆሮው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ በውሃ ካጠበው ከጨዉ ሲሦ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ይወርድለታል።

ለአትክልቱም እንዲሁ አድርጉ። ጥቅል ጎመን ከነውጪ ቅጠሉ ይመዘን፣ ከተከተፈ በኋላ ድጋሚ ይመዘን። ዋጋውን ለሁለተኛው ክብደት አካፍሉ። ካሮት በብሩሽ ከታጠበ መላጥ አያስፈልገውም፤ የጎመኑም እንብርት ሥሥ ተደርጎ ከተከተፈ ይበላል።

ውጤቱን ለማወቅ «ሥልጠናው እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም ጥሩ ነው ይላል። በመጀመሪያው ቀን፣ በስድስተኛው ሳምንትና ከሦስት ወር በኋላ አንድ ዓይነት ጥያቄ በቃል ጠይቁ፦ ባለፉት ሰባት ቀናት ጥራጥሬ ስንት ቀን በሰለ? አትክልት ስንት ቀን ተበላ? ዘይቱ በምን ተለካ? በየሳምንቱ መግቢያ ላይ ደግሞ በከረጢት የወሰደውን ምስር ማን እንዳበሰለውና ምን እንደተበላሸበት ጠይቁ። የተበላሸው ነገር የዚያን ቀን የ15 ደቂቃ ትምህርት ይሁን፣ ያዘጋጃችሁትን ትታችሁም ቢሆን።

ጠያቂ

ገባኝ። ክክ ምስር የመጀመሪያ ቀን፣ የቦሎቄው ሦስት ሳህን ሦስተኛው ሳምንት፣ ሩዝ አራተኛው ሳምንት ላይ አደርገዋለሁ፤ ትሪም እገዛለሁ። ለመጀመሪያው ቀን 1 ኪሎ ለማብሰል፣ 3 ኪሎ ለ12 ከረጢት፣ በድምሩ 4 ኪሎ ምስር እያዘዝኩ ነው።

ማማሰያ

5 ኪሎ ያድርጉት። አንድ ድስት ማረሩ አይቀርም፣ ያ ጠረጴዛ ባዶ ሆዱን መሄድ የለበትም።